የዓድዋ ድል ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2? የታሪክ ቀን ጥያቄ ያለው ሁሉ ይግባ

#1 | ጥያቄ አያልቅም

ሰላም ለዚህ ቤት። የእንግሊዝኛውም የጣልያንኛውም መጽሐፍ የዓድዋ ጦርነት የተደረገው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላል። እኛ በየዓመቱ የካቲት 23ን ስናከብር ግን የፈረንጁ ካላንደር ማርች 2 ላይ ነው። ይቺ አንድ ቀን ከየት መጣች? እነሱ ናቸው የቀደሙት ወይስ እኛ ነን የዘገየን? የሩስያ የኦክቶበር አብዮት ኖቬምበር ላይ የሚከበረውስ በዚሁ ምክንያት ነው? እባካችሁ «ካላንደሩ ስለሚለያይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ፤ አሠራሩን ነው የምፈልገው።

#2 | ቀን ቆጣሪ

ሁለቱም ልክ ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው የዛሬውን ማዛመጃ ይዘን 19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ስንገባ ነው።

የእኛ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ያደርጋል፤ አንድም ጊዜ አይዘልም። የጎርጎርዮሱ (የዛሬው የፈረንጅ አቆጣጠር) ግን መቶ በሞላ ቁጥር፣ ዓመቱ ለ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ፌብሩዋሪ 29ን ይተዋታል። 1600 እና 2000 ላይ ነበረች፤ 1700፣ 1800 እና 1900 ላይ ግን የለችም።

አሁን ወደ 1891 ዓ.ም. እንሂድ። ዓመቱ በጳጉሜን 6 አለቀ፤ ወሩ ሴፕቴምበር 1899 ነው። ጳጉሜን 6 በመጣች ቁጥር የእኛ መስከረም 1 በፈረንጁ ላይ በአንድ ቀን ይገፋል፤ ከአምስት ወር ተኩል በኋላ ፌብሩዋሪ 29 መጥታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። በ1900 ግን ፌብሩዋሪ 28 ላይ አለቀ፤ መላሿ አልመጣችም። የተገፋው እንደተገፋ ቀረ። ከዚያ በፊት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ነበር (ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ ሲሆን 11)። ከዚያ ወዲህ 11 ሆነ (ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ 12)።

ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ማስረጃው ዕለቱ ነው። ዓድዋ እሑድ ቀን መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ይመሰክራሉ። የእኛን በእጅ ማውጣት ይቻላል፦

1888 ላይ 5500 ጨምሩ፤ 7388 ዓመተ ዓለም (ከአዳም ጀምሮ የሚቆጠረው) ይሆናል። ይህን ለ4 ስታካፍሉ 1847 ይመጣል (ቀሪ ካለ ጣሉት)። 7388 + 1847 = 9235። ለ7 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ፤ 2 ነው። ቀሪው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ዜሮ ሰኞ። እንግዲህ መስከረም 1 ቀን 1888 ረቡዕ ዋለ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የወር መባቻ በየወሩ ሁለት ዕለት ይገፋል፤ ከመስከረም እስከ የካቲት 5 ወር፣ 10 ዕለት፣ ሳምንቱን ስናነሣ 3። ረቡዕ ላይ 3 ሲጨመር የካቲት 1 ቅዳሜ ነው። 8፣ 15፣ 22 ቅዳሜ፤ 23 እሑድ። ማርች 1 ቀን 1896ም እሑድ ነው። ማርች 2 ብትሉት ሰኞ ይወጣባችኋል።

#3 | ዝም ብሎ አንባቢ

ስለዚህ በዓሉን በስህተት ቀን ስናከብር ነው የኖርነው?

#4 | ቀን ቆጣሪ

በፍጹም። የሚከበረው የካቲት 23 ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከሥሩ የተንሸራተተው የፈረንጁ ነው።

#5 | ሰነድ አገላባጭ

ከተነሣ አይቀር፣ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀኖች በዚህ ወንፊት ብታሳልፏቸው የትኛው ጸሐፊ በትክክል እንዳዛመደ፣ የትኛው የዛሬውን ሠንጠረዥ እንደተጠቀመ ወዲያው ይታወቃል።

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881። በያኔው ማዛመጃ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 8 ነው፤ 25ኛው ሜይ 2 ቀን 1889 ይሆናል። መጻሕፍቱም ሜይ 2 ይላሉ፤ ልክ። በዛሬው ቢሰላ ሜይ 3 ይሆን ነበር። የዐፄ ምኒልክ ልደት ነሐሴ 12 ቀን 1836፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 6 ስለነበር ኦገስት 17 ቀን 1844 ይወጣል። ይህም ልክ ተጽፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያለፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1868። ልክ።

የማይገጥመው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው የተወለዱት፤ በዓለም ሁሉ የታወቀው ግን ጁላይ 23 ቀን 1892 ነው፤ ራስተፈሪያኖችም የሚያከብሩት በዚያ ቀን ነው። እስቲ አስሉት። 1884 የገባው ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ ነው፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ቀን 1891 ዋለ። በመካከል ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1892 አለች። ሐምሌ 1 ጁላይ 7 ላይ ያርፋል፤ ሐምሌ 16 ጁላይ 22። ዕለቱ በ#2 ዘዴ ዓርብ ይወጣል፤ ጁላይ 22 ቀን 1892ም ዓርብ ነው። ጁላይ 23 ቅዳሜ ነው። በአጭሩ፣ ከ1900 በኋላ የሚሠራው ማዛመጃ ከ1900 በፊት ለተወለደ ሰው ተሠርቶበታል።

#6 | ዝም ብሎ አንባቢ

ይቅርታ፣ ግን ጃንሆይ በሕይወት እያሉም በጁላይ 23 ሲከበር ነበር እኮ። ራሳቸው አያውቁም ነበር ማለት ነው?

#7 | ሰነድ አገላባጭ

በኢትዮጵያ ይከበር የነበረው ሐምሌ 16 ነዋ። ሐምሌ 16 ደግሞ ከ1900 ወዲህ ሁልጊዜ ጁላይ 23 ላይ ይውላል። በዓሉ በትክክል ተከብሯል፤ ስህተት የሚሆነው «ጁላይ 23 ቀን 1892» ተብሎ የልደቱ ዓመት ሲቀጠልበት ብቻ ነው። ማርች 2 ቀን 1896 ብሎ እንደመጻፍ ያለ ነው።

#8 | የመጽሐፍ ብል

ቀላሉ ሕግ እንግዲህ «ከ1900 በፊት ከሆነ አንድ ቀን ቀንስ» ነው። ተገላገልን።

#9 | ቀን ቆጣሪ

አልተገላገልንም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። አንድ ቀን የሚቀነሰው ከማርች 1800 እስከ ፌብሩዋሪ 1900 ላለው ነው። ከዚያ በፊት 1800ም ፌብሩዋሪ 29 አልነበራትምና ለ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ቀን ይቀነሳል፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 9 ነበር። ለ17ኛው ሦስት ቀን፤ ሴፕቴምበር 8።

ከኦክቶበር 1582 በፊት ደግሞ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጭራሽ አልነበረም። የዚያን ዘመን አውሮፓዊ የሚጽፈው በዩልዮስ ነው (እንደ እኛው በየ4 ዓመቱ ሳይዘል አንድ ቀን የሚጨምረው የቀድሞው የሮማ አቆጣጠር)፤ ከዩልዮስ ጋር የእኛ ግንኙነት ቋሚ ነው፣ መስከረም 1 ሁልጊዜ ኦገስት 29 (ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ 30)። ለምሳሌ ግራኝ አሕመድ የወደቀበት የወይና ደጋ ጦርነት ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1543 ነው። የካቲት 1 በዩልዮስ ጃንዋሪ 26 ስለሆነ ቀኑ የካቲት 27 ቀን 1535 ይወጣል። ይህን ለአንዳንድ የኮምፒውተር መቀየሪያ ብትሰጡት የጎርጎርዮስን ወደ ኋላ ስቦ ማርች 3 ይላችኋል። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ያን ጊዜ በምድር ላይ ማንም ያልተጠቀመበትን ቀን ነው የሰጣችሁ።

#10 | ጥያቄ አያልቅም

በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። የሩስያው ቀረ።

#11 | ባሕር ማዶ

የሩስያው መነሻው ያው ነው፣ ልዩነቱ ግን 13 ቀን ነው። ሩስያ እስከ 1918 በዩልዮስ ትቆጥር ነበር። ቦልሼቪኮች ሥልጣን የያዙት በእነሱ ኦክቶበር 25 ቀን 1917፣ በጎርጎርዮስ ኖቬምበር 7። አዲሱ መንግሥት በ1918 ካላንደሩን ሲቀይር ከጃንዋሪ 31 ማግሥት ፌብሩዋሪ 14 ሆነ። የደመወዝና የዕዳ መክፈያ ቀን ሁሉ አብሮ መስተካከል ነበረበት።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በአማርኛ «የጥቅምት አብዮት» ስንል ኦክቶበርን ተርጉመን ነበር፤ ግን ኖቬምበር 7 ቀን 1917 በእኛ ጥቅምት 28 ቀን 1910 ነው። ሳናስበው ልክ ሆነን ተገኘን።

እንግሊዝ ከዚህ የባሰ ጉድ አላት። እስከ 1752 በዩልዮስ ከመቁጠሯም በላይ ሕጋዊው አዲስ ዓመቷ የሚገባው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና አብዛኛው ማርች የአሮጌው ዓመት ጅራት ናቸው። በ1751 ዓመቱ ማርች 25 ገብቶ ዲሴምበር 31 ላይ እንዲያልቅ ተደረገ፤ 282 ቀን ብቻ። በተከታዩ ዓመት ረቡዕ ሴፕቴምበር 2 ውለው ተኝተው ሲነሡ ሐሙስ ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ጆርጅ ዋሽንግተን በልደት መዝገቡ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ተወለደ፤ ዛሬ የሚከበረው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ነው። ቀኑም ዓመቱም ተቀየረበት። ሁለቱን ለውጦች ለይቶ የማያውቅ ሰው መዝገቡ ተሳስቷል ሊል ይችላል።

«11 ቀናችንን መልሱልን» ብሎ ሕዝቡ ዐመፀ የሚለው ግን ተረት ነው። የመጣው ዊልያም ሆጋርት የምርጫ ግብዣ ከሳለበት ሥዕል ላይ ከሚታይ መፈክር ነው።

#12 | የመጽሐፍ ብል

ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን ሞቱ የሚባለውስ? ኤፕሪል 23 ቀን 1616፤ ዩኔስኮ የመጽሐፍ ቀንን ያደረገውም በዚህ ምክንያት ነው ይባላል።

#13 | ባሕር ማዶ

ቀኑ ያምራል፣ ነገሩ ግን አልሆነም። ስፔን በ1582 ነው የቀየረችው፤ እንግሊዝ ገና 136 ዓመት ይቀራት ነበር። የሼክስፒር ኤፕሪል 23 በጎርጎርዮስ ሜይ 3 ነው። ሰርቫንቴስ ደግሞ የሞተው ኤፕሪል 22፣ የተቀበረው 23 ነው። ሲደመር 11 ቀን ይራራቃሉ።

ከሁሉ የምወደው የስዊድን ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ቀን ላለመዝለል ብለው ከ1700 እስከ 1740 ፌብሩዋሪ 29ን እያስቀሩ ቀስ በቀስ ሊደርሱ ወሰኑ። በ1700 አስቀሩ። ከዚያ ጦርነት ውስጥ ገቡና በ1704 እና በ1708 ማስቀረቱን ረሱት። ውጤቱ፦ ከዩልዮስ በአንድ ቀን፣ ከጎርጎርዮስ በ10 ቀን የሚለይ፣ ከማንም የማይገጥም ካላንደር። በ1712 ተስፋ ቆርጠው ወደ ዩልዮስ ለመመለስ ፌብሩዋሪ ላይ ሁለት ቀን ጨመሩ። በዓለም ታሪክ ፌብሩዋሪ 30 የሚል ቀን በይፋ የዋለው ያኔ ነው። ሙሉ በሙሉ የቀየሩት በ1753 ነው፤ ከፌብሩዋሪ 17 በቀጥታ ወደ ማርች 1።

#14 | ጥያቄ አያልቅም

እኛስ ለምን አልቀየርንም? ማንም አልሞከረም?

#15 | ሰነድ አገላባጭ

ተሞክሯል። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ከሆኑና ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ በ1625 እ.ኤ.አ. ከገባ በኋላ የሮማው አቆጣጠር በዓላትንና አጽዋማትን ይዞ እንዲገባ ታዘዘ። በወረቀት ላይ ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ 10 ቀን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። በተግባር ግን ገበሬው ጾም የሚይዝበትና የሚፈታበት ቀን፣ የታቦቱ ንግሥ፣ ወር በገባ በዚህ ቀን የሚዘከረው ቅዱስ፣ ሁሉም ይነቀላል። የእኛ የቀን ስም እኮ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ 12 ሚካኤል ነው፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ። ተቃውሞውና ጦርነቱ ሌሎች ከባድ ምክንያቶችም ነበሩት፤ ይሄኛው ግን እያንዳንዱን ቤት የነካ ነበር። በ1632 እ.ኤ.አ. ሱስንዮስ ለፋሲለደስ ሲለቁ የቀድሞው ሥርዓት ከነአቆጣጠሩ ተመለሰ።

#16 | ሐሳበ ድሜጥሮስ

ሰላም ለሁላችሁ። #5 ላይ የመቅደላው ቀን ተነሥቶ አየሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ያረፉት በትንሣኤ ማግሥት ነው የሚለውን በባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌት) ማረጋገጥ ይቻላል፤ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ አብረን እንሥራው።

1860 + 5500 = 7360 ዓመተ ዓለም። ለ19 ሲካፈል 387 ደርሶ 7 ይተርፋል። «አሐዱ አእትት ለዘመን» ይላልና አንድ ይነሣል፤ ወንበር 6። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው ይህችን አንድ ነው። የተያዘው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አይቆጠርም፤ ካልተነሣች አበቅቴው በ11 ይዛነፋል፣ ፋሲካውም በሳምንታት ይሄዳል።

ወንበር ሲባዛ በ11፦ 66፤ በ30 ሲገደፍ (30 እየተነሣ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ 6። ወንበር ሲባዛ በ19፦ 114፤ ሲገደፍ መጥቅዕ 24። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ 6 እና 24፣ ደህና ነን። ካልሆነ ወደፊት አትቀጥሉ፤ ተመልሳችሁ ማካፈሉን እዩ።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ነው፣ ካነሰ በጥቅምት። 24 ነውና መስከረም 24። መስከረም 1 ቀን 1860 ረቡዕ ዋለ (7360 + 1840 = 9200፤ ለ7 ቀሪው 2)። ስለዚህ 24ኛው ዓርብ ነው። የዕለት ተውሳክ (እንደ ዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር)፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ቆጠራው ከቅዳሜ እንጂ ከእሑድ እንደማይጀምር ልብ በሉ። 24 + 2 = 26፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ስላላለፈ ጾመ ነነዌ ጥር 26 ገባች። (ድምሩ ከ30 ቢያልፍ 30 ተነሥቶ ነነዌ ወደ የካቲት ትሻገራለች።) ማረጋገጫ፦ ጥር 26 ሰኞ መሆን አለበት፤ ነውም።

ከነነዌ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን። 26 + 69 = 95፤ የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት 90 ሲነሣ 5። ትንሣኤ ሚያዝያ 5 ቀን 1860 እሑድ ዋለ፤ በፈረንጁ ኤፕሪል 12 ቀን 1868። የእንግሊዞቹም ፋሲካ በዚያው ቀን ነበር፤ ሁለቱ በገጠሙበት ዓመት ነው የሆነው። መቅደላ ሰኞ ሚያዝያ 6።

#17 | ዝም ብሎ አንባቢ

አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዘንድሮውን በዚሁ ሠርቼ (2018፣ ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18) ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ወጣልኝ። ትክክል ነኝ?

#18 | ሐሳበ ድሜጥሮስ

ትክክል ነዎት፤ መስከረም 18 እሑድ፣ ተውሳኩ 7፣ መባጃ ሐመር 25፣ ነነዌ ጥር 25። ኤፕሪል 12 ቀን 2026 ማለት ነው። ወንበርና አበቅቴ እኩል 12 መምጣታቸው እንዳያሳስብዎ፣ የአጋጣሚ ነው።

#19 | የመጽሐፍ ብል

ገናስ ለምንድን ነው አንዳንዴ 28፣ አንዳንዴ 29 የሚሆነው? ከዚሁ ጋር ይያያዛል?

#20 | ሐሳበ ድሜጥሮስ

ይያያዛል። ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት 9 ወር ከ5 ቀን ይቆጠራል። 5ቷ ቀን ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንዲት ቀን በመካከል ስለተጨመረች ቆጠራው ታኅሣሥ 28 ላይ ይሞላል። ይህ የሚሆነው በዘመነ ዮሐንስ ነው፦ ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ፣ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ነው። በዚህ ምክንያት በዚህ ዘመን ገና ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም፤ ጥምቀት ግን ሁልጊዜ ጥር 11 ስለሆነ በዘመነ ዮሐንስ ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ያልፋል። ዓድዋ የተዋጋነውም በዘመነ ዮሐንስ ነው፤ 7388 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

#21 | ሰነድ አገላባጭ

አሮጌ ደብዳቤና ብራና ለምታነቡ፣ እጅ የሚያስቱ ጥቂት ነገሮች።

የዓመት ልዩነቱን «8 ቀንስ» ብሎ በቃል የያዘ ሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ ባለው ሁሉ ይሳሳታል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ነው፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1930፤ ልዩነት 7። የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937፤ ልዩነት 8።

ዓመተ ዓለም ከሆነ 5500 ቀንሱ። ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ጨምሩ፤ መነሻው ዲዮቅልጥያኖስ የነገሠበት 284 እ.ኤ.አ. ነው፣ የግብጽ ኮፕት ክርስቲያኖች ዛሬም ይቆጥሩበታል። የሚያደናግረው በመካከለኛው ዘመን ብራና ላይ «ዓመተ ምሕረት» ብሎ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ሲመጣ ነው። ይህ የ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር (19 × 28) ውስጥ ያለ ተራ ቁጥር ነው፤ ከ1340 ዓ.ም. ቀጥሎ አዲስ ቀመር ስለጀመረ 77 ቢል 1417 ዓ.ም. ማለት ነው፣ 1424/25 እ.ኤ.አ.። እንደ ዛሬው ዓ.ም. ያነበበ ሰው የአንደኛው ክፍለ ዘመን ብራና አገኘሁ ብሎ ይፎክራል።

የወር ስም ደግሞ የከፋ ነው። ትርጉም ላይ ጃንዋሪን «ጥር»፣ ማርችን «መጋቢት» የማለት ልማድ አለ። «መጋቢት 1» የሚል ባያችሁ ጊዜ ማርች 1 የተተረጎመ ነው ወይስ እውነተኛው መጋቢት 1 (ዛሬ ማርች 10) ብላችሁ ጠይቁ። ዕለቱ ከተጻፈ በ#2 ዘዴ ፈትኑት፤ ዕለት አይዋሽም።

የግእዝ ቁጥር ያለበትን ስታነቡ ፮ እና ፯ን ለዩ፤ ቀለሙ ከደበዘዘ አንዱ ሌላውን ይመስላል። ሰዓትም አለ፦ የእኛ ቀን የሚጀምረው ከንጋት ነው። «ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ሲል ለፈረንጁ ማክሰኞ 3 ሰዓት ንጋት ላይ ነው። ሌሊት ለተደረገ ውጊያ የሁለቱ ወገን ሰነድ በአንድ ቀን ቢለያይ ወዲያው «ውሸታም» አትበሉ።

#22 | ዝም ብሎ አንባቢ

የ7/8 ዓመቱ ልዩነት መነሻውስ? እኛ ነን የክርስቶስን ልደት ያዘገየነው?

#23 | ሐሳበ ድሜጥሮስ

ሁለት መነኮሳት ለየብቻ አስልተው ነው። የእስክንድርያው አንያኖስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ብሎ ያወጣው ወደ እኛ መጣ። በሮም ዲዮናስዮስ በ525 እ.ኤ.አ. በሌላ መንገድ አስልቶ በ7 እና በ8 ዓመት የቀደመ መነሻ አገኘ፤ ምዕራቡ ያንን ያዘ። ከዚያ በኋላ ማንም የዘገየ ማንም የቀደመ የለም፤ ሁለቱም ከየመነሻቸው ያለማቋረጥ ቆጠሩ።

#24 | ባሕር ማዶ

ጳጉሜን ስለተባለች፣ ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ተጨማሪ» ማለት ነው። ሐሳቡ የግብጽ፦ 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ በመጨረሻ 5 ቀን ጭማሪ። ችግሩ 365 ቀን ብቻ ስለሆነ በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ይንሸራተታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ሦስተኛው ፕቶሌሚ በካኖፐስ አዋጅ 6ኛ ቀን ይጨመር አለ፤ አዋጁ ድንጋይ ላይ ተቀረጸ፣ የሚሰማ ግን አልተገኘም። ጳጉሜን 6 በግብጽ የጸናችው ሮማውያን ከገቡ በኋላ በአውግስጦስ ዘመን ነው።

ሮማውያኑም መጀመሪያ ተሳስተውበታል። ዩልዮስ ቄሳር የተዛባውን ለማስተካከል ከልደት በፊት 46ን ዓመት 445 ቀን አድርጎ በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር አዘዘ። እሱ ሲሞት ካህናቱ በ3 ዓመት አንዴ መጨመር ጀመሩ። ምክንያቱ የሮማውያን አቆጣጠር መነሻውንም አብሮ መቁጠሩ ነው፤ እኛ «ከሰኞ በ3ኛው ቀን» ብለን ሰኞን ጨምረን ረቡዕን እንደምንለው። «በየ4ኛው» ሲባሉ 1፣ 4፣ 7፣ 10 ብለው ሄዱ። አውግስጦስ የተረፉትን ቀኖች ለማራገፍ ለዓመታት ጭማሪውን አስቆመ።

#25 | ጥያቄ አያልቅም

የመጨረሻ ጥያቄ። ማርች 2ስ እስከ መቼ ነው?

#26 | ቀን ቆጣሪ

ጦርነቱና ቀጥሎ ያሉት 3 ዓመታት፣ እስከ 1899፣ ማርች 1 ላይ ዋሉ። ከ1900 ጀምሮ ማርች 2፤ በ2000 ፌብሩዋሪ 29 ስለነበረች አልተነቃነቀም። 2100 ላይ የለችም። የካቲት 23 ቀን 2092 ዓ.ም. ማርች 3 ላይ ይውላል፤ በተከታዩ ጃንዋሪ ገናም ወደ 8 ይሻገራል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ክር የሚከፍት ሰው የሚጠይቀው ማርች 1 ነው፣ 2 ነው ወይስ 3 ብሎ ነው።

#27 | ዝም ብሎ አንባቢ

ይህን ክር ከላይ ሰቅላችሁ አቆዩልን።